ዝም አሉ፤ አሥራ አንድ ሰከንድ

በር ዘግቼ ወጣሁ ከወይዘሮ ደብሪቱ ቤት፣
ከራስ መኮንን ድልድይ ማዶ፣ ቀይ ኤክስ ከተቀባበት።
መቅረጫው ኪሴ ውስጥ ገና ትኩስ ነው፤
ባትሪው ይሁን ድምፃቸው፣ ያሞቀው እንጃ ማነው።

መምህርት አስካለ ደጋግመው ነግረውናል፦
ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ሥራው ይጀመራል።
ሳትተኙ ገልብጡ። ሦስት ቦታ አኑሩ።
ስም ስጡት፣ ቀን ጻፉ።
ዋናውን አትንኩ።

አራት ኪሎ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የተዋስኩትን ፎቶ ዘረጋሁ፦
ዘጠኝ ልጃገረዶች በአንድ መደዳ፣
ፊታቸው ቀዳዳ የበዛው የማዞሪያ ግድግዳ፣
ገመድ በእጃቸው፣ ማዳመጫ በጆሯቸው።
ከግራ ሦስተኛዋ፣ ቀጥ ብላ የተቀመጠችው፣ እሳቸው ናቸው።

በስተጀርባው ጻፍኩ፣ በእርሳስ፣ በስሱ፤
ሰባቱን ጠርተውልኝ ሁለቱን ረሱ።
«ትመጣለች» ብለው ነበር፣ ግንባራቸውን እየዳሰሱ።
ለሁለቱ ክፍት ቦታ ተውኩ፤ ጥያቄ ምልክት አላደረግኩም፤
ሰው ጥያቄ ምልክት አይደለም።

ድምፁን ወደ ፍላሽ ስገለብጥ
ስልሳ ሁለት ከመቶ ላይ መብራት ሄደ።
«ቁጭ በል፣ ይመጣል» አለኝ የቤቱ ልጅ፣ ስልኩ ላይ እየሣቀ።
ፍላሹን እንደ ጫጩት በመዳፌ ይዤ ቁጭ አልኩ።
ከመቶ ስልሳ ሁለት የተቀዳ ሰው
ምን ይባላል?

ማታ ጽሕፈቱን ጀመርኩ፣ የሰማሁትን እንዳለ፤
«እ…» ሲሉ «እ…»፣ ሲስሉ ሳላቸውን።
አማርኛቸውን ላቃናው አሰብኩ፤
ከፈተና ወረቀት ጋር እስኪመሳሰል ላበጥረው።
ተውኩት፤ ሲበጠር እሳቸው አብረው ይረግፋሉ።

«ሁለቱን አገናኛለሁ፤ ጆሮዬን እነቅላለሁ።
የሰው ወሬ የሰው ቤት ነው፣ ልጄ፣ በር ላይ አይቆምም።
አንድ ቀን ብቻ…»
[ዝም አሉ።]

አሥራ አንድ ሰከንድ። በወረቀት ሁለት ቃል።
ማዳመጫ አድርጌ መለስኩት፣ ደግሜ መለስኩት፤
ባዶ አይደለም ዝምታው፦
ቆርቆሮው ላይ ጠብታ፣ የረዳት ጩኸት፣ «ስድስት ኪሎ! ስድስት!»፣
ወንበራቸው ሲንሲያጠጥ፣
ከዚያ ትንፋሽ መሳብ፣ ረዥም፣ ሊናገሩ ያሉ…
አንድ ድምፅ ዘሎ ገባ። ቀጭን፣ የቸኮለ፦
«እሺ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ።»

የኔ ድምፅ ነው።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ዋለ። መቁረጥ ይቻላል፤
ሦስት ሰከንድ ቢጎድል ማን ይቆጥራል?
ክበቡ ያጨበጭባል፣ ካርቶኑ ይታሸጋል፣
ያፈረው ልጅም ያድጋል።
ዋናውን አትንኩ።
አልነካሁም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
«ጠያቂ (አቋርጦ)፦ እሺ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ።»
ያቺን ቃል ቅንፍ ውስጥ ስዘጋ
አብሬ የተዘጋሁ መሰለኝ።

ከዚያ ፋይሉን ሰየምኩት፦ ስም፣ ቀን፣ ሰፈር።
የቤት ቁጥር ጨመርኩ፣ ቤቱ ሊፈርስ ሳምንት ቀርቶት፣
ፖስታ ላይደርስበት፣ እንግዳ ላይመጣበት።
አንዱን ቅጂ ለመምህርት አስካለ፣
አንዱን የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ለእርጥበቱ ሩዝ በጨርቅ ቋጥሬ፣
የፈቃድ ወረቀቱን ከላዩ፤ ግርጌው ላይ በእጃቸው፦
«የሰውየው ስም እኔ ካለፍኩ ወዲያ ይሰማ።»
የትኛው ሰውዬ? መቅረጫው ላይ የለም።
ሊነግሩኝ ነበር ማለት ነው። በዚያች ትንፋሽ።

ቅዳሜ ሦስተኛውን ቅጂ ይዤ ተመለስኩ።
ማዳመጫውን በአንድ ጆሯቸው ብቻ አደረጉ፣ እንደ ሥራ ዘመናቸው፤
ሌላው ጆሮ ለቤቱ ነው።
አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ቅንድባቸው ተነሣ።
«ይሄ የሚያቋርጠኝ ልጅ ማነው?»
«እኔ ነኝ።»
«መስመሩን የነቀልከው አንተ ነሃ!»
ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።
«በል፣ አውጣው መቅረጫህን።»

ባትሪው አንድ ዘንግ ቀርቶታል።
አወጣሁ።